እሑድን በሒሳብ፦ ለሰንበቴ ነጋዴ የተሰጠ ቅን ምክር



እስከ ዛሬ የነገዱት በግምት ነው። አባትዎም በግምት ነግደው ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ሐጅም ደርሰው ተመልሰዋል። ይህ ግን ሊያዘናጋዎ አይገባም። ዘመኑ የመረጃ ነው ይባላል። ሌላው ዓለም ሥራውን ለክቶ፣ ትርፉን አስልቶ በሚያድርበት ጊዜ እርስዎ እሑድ ጠዋት ከሱቅዎ ደጃፍ ቆመው፣ ከቆላ በኩል የሚነሣውን የግመል አቧራ አይተው «ዛሬስ ገበያው ይደምቃል» ማለትዎ ያስተዛዝባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በጥሞና ያንብቡ። ምክሩ በነጻ ነው። ተግባራዊ ሲያደርጉት የሚመጣውን ወጪ ግን ራስዎ ይችሉታል።

አንደኛ፤ የገበያውን ሜዳ ሥራ ያስይዙ።

ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአጣዬ አልፎ ከሚሴ ሳይደረስ ትገኛለች። እሑድ እሑድ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው ማሽላውን ጭኖ፣ አርጎባው ሽመናውን ይዞ፣ አማራው ከደጋው ወርዶ እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሜዳው የሕፃናትና የአህዮች ነው። በሒሳብ ሲታይ ከ7 ቀን አንዱ፣ ማለትም 14 በመቶ ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ይህን ቁጥር የሰማ ማንኛውም አማካሪ ደንግጦ ይነሣል። መፍትሔውም ቀላል ይመስላል፦ ገበያተኛውን ለ7 ቀን ማከፋፈል። ግፊያው ይቀራል፣ ኪስ አውላቂው ሥራ ይፈታል፣ ሜዳውም 100 በመቶ ይሠራል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ፍየል ይዞ የመጣ አንድ ሻጭና ግመል የሚፈልግ አንድ ገዢ ፊት ለፊት ተፋጠው ይውላሉ።

ጄምስ ስታይን የተባለ የጂኦግራፊ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 የኮሪያን ገበያዎች አጥንቶ ምክንያቱን አስረድቷል። ነጋዴ በልቶ ለማደር የተወሰነ ቁጥር ያለው ገዢ ያስፈልገዋል። በአካባቢው ያለው ገዢ ለየዕለቱ ካልበቃው ወይ እሱ እየዞረ ይፈልጋቸዋል፣ ወይ እነሱ ቀን ቆርጠው ይሰበሰቡለታል። ዊልያም ስኪነር የተባለ ሌላ ተመራማሪም ብዙ ሳይቆይ በቻይና ገጠር የገበያ ቀኖች እርስ በርስ ተናበው እንደሚዞሩ ጻፈ። እኛ ዘንድ ሰንበቴ እሑድ ይውላል፣ ባቲ ሰኞ። እሑድ ያልቀናው ነጋዴ ሰኞ ሌላ ዕድል አለው። ይህን መርሐ ግብር ያወጣ ኮሚቴ የለም፣ አበል የተከፈለበት ዎርክሾፕም አልነበረም። ስድስቱ ባዶ ቀናት ለአንዱ ሙሉ ቀን የሚከፈሉ ዋጋ ናቸው። ስለዚህ ይህን ምክር ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና ወደ ሁለተኛው ይለፉ።

ሁለተኛ፤ ወፍጮዎን አንዲት ደቂቃ አያሳርፉ።

ወፍጮ ቤት ካለዎት፣ ሞተሩ ሲቆም ገንዘብዎ ቆመ ማለት ነው። ከ100 ደቂቃ ውስጥ 95ቱን እንዲፈጭ ያድርጉ። እርግጥ ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪ አጥንቶ የጀመረው የወረፋ ሒሳብ እዚህ ላይ ትንሽ ያጉረመርማል። ደንበኛ በቀጠሮ ሳይሆን እንደ ገጠመው በሚመጣበት፣ አንዱ ጣሳ ሌላው ኩንታል ይዞ በሚቀርብበት ቤት፣ በተለመደው ቀመር መሠረት ወፍጮው ከጊዜው 80 በመቶ ከተያዘ በአማካይ 4 ሰው በቤቱ ይኖራል። 90 በመቶ ሲሆን 9 ይሆናሉ። 95 በመቶ ሲደርስ 19። ሥራው በአንድ አምስተኛ እንኳ ሳይጨምር ወረፋው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቀላል ጉባኤ አይደለም። ዕቁብ ይጣልበታል፣ ልጃገረድ ይታጭበታል። እህሉ እስኪፈጭ የባለቤቱ ስም ይፈጫል።

ሒሳቡ ሌላም መላ አለው። ትንሽ የያዘውን ካስቀደሙ የሁሉም ሰው አማካይ ጥበቃ ይቀንሳል። ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። ተግባራዊ ለማድረግ፣ ኩንታል ማሽላ በሁለት አህያ ጭነው ከንጋት ጀምሮ ተራ የያዙትን እናት ቀረብ ብለው «እማማ፣ አማካዩ እንዲሻሻል እርስዎ ትንሽ ይቆዩ» ብለው ያስረዱ። ሲያስረዱ ለበሩ ቀረብ ብለው ይቁሙ።

ሦስተኛ፤ ፍየሉን በቀመር ይጫኑ።

ይህ የስሌቱ ሁሉ እምብርት ነው። ካንቶሮቪች የተባለ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1939 በሌኒንግራድ የኮምፖንሳቶ ፋብሪካን ችግር ሲፈታ፣ ዳንትዚግ የተባለ ሌላ ደግሞ በ1947 በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ ያበጀው ዘዴ ነው። ዓላማዎን ይጽፋሉ፣ ገደቦችዎን ይጽፋሉ፣ ማሽኑ ከሁሉ የሚሻለውን ይመርጣል። እንግዲህ ይጻፉ። ዓላማ፦ በአንድ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ፍየል ማብዛት። ገደብ፦ የመኪናው የጭነት ልክ፣ የሳጥኑ ስፋትና ከፍታ፣ የነዳጁ ዋጋ። መልሱ ይመጣል፦ ግልገሎችን ብቻ ይምረጡ፣ ከዚያም እንደ ካርቶን ይደርድሯቸው።

ማሽኑ አልተሳሳተም። ፍየል መተንፈስ እንዳለበት አልጻፉለትም።

ዳንትዚግ ራሱ ይህን ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የራሱን ምግብ በገዛ ዘዴው አሰላ። ኮምፒውተሩ በቀን 500 ጋሎን ኮምጣጤ እንዲጠጣ አዘዘው፤ ወደ 1,900 ሊትር መሆኑ ነው። ኮምጣጤ እንደማያሰባ ተመዝግቧል፣ ከዚህ በላይ አይጠጣም የሚል ገደብ ግን አልተጻፈም። ኮምጣጤውን ከዝርዝሩ ቢያወጣው በማግሥቱ 200 ፍሬ የሾርባ ቅመም አዘዘለት።

የሰንበቴን ጫኝ አይተውት ያውቃሉ? ፍየሎቹ ገብተው ካለቁ በኋላ ክንዱን በመሃላቸው እስከ ብብቱ ይሰድዳል። ክንዱ ካላለፈ አንድ ሁለቱን ጎትቶ ያወርዳል። ባለቤቱ ይሳደባል፣ ጫኙ አይሰማውም። ከቆላ የወጣ ፍየል ሌሊት ጣርማ በርን ሲሻገር ብርዱ ምን እንደሚያደርገው፣ ደብረ ሲና ላይ መኪና ቢቆም የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚታፈን ያውቃል። ገደቦቹ በሙሉ ጫኙ ዘንድ አሉ፤ አልተጻፉም እንጂ። ስለዚህ ቀመሩን ከመጻፍዎ በፊት ጫኙን ምሳ ይጋብዙት።

አራተኛ፤ ቡናውን ይቁረጡ።

ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ ሠራተኛው ጀርባ ላይ ሰዓት ይዞ በመቆም ስመ ጥር ሆኗል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1911 ወጥቷል። እርስዎም ሰዓት ይያዙ። አቦል ሲጠጣ ንግድ ይነሣል። ታዲያ ቶናውና በረካው ለምን? ሁለቱን ቢያስቀሩ በእሑድ አንድ ሰዓት ይተርፋል፣ በዓመት 52 ሰዓት። ከስድስት የሥራ ቀን በላይ!

ከተረፈው ጊዜ ላይ ግን የሚከተለውን ይቀንሱ። በአቦል ላይ የሚነገረው ዋጋ ለሁሉም የሚነገረው ነው። እውነተኛው ዋጋ በቶና ይመጣል። ዱቤው የሚፈቀደው፣ የትኛው ገዢ ባለፈው ወር ቼኩ እንደተመለሰበት የሚንሾካሾከው በረካ ላይ ነው። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቷል፣ የአዲስ አበባን ዋጋ ዛሬ ማንም በስልክ ይሰማል። ማን በቀጠሮው እንደሚከፍል የሚናገር ስልክ ግን ገና አልወጣም።

ይህ ደቂቃ የመቁጠር ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለው ቢፒአር በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ በየግድግዳው ተለጠፈ። ከሥሩ የተሰለፈው ባለጉዳይ ሰንጠረዡን በቃሉ እስኪያጠና ድረስ በቂ ጊዜ ነበረው። ካይዘን ሲመጣ አካሄዱ ለየት አለ። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ቆመለት። ሠራተኛው ራሱ የሚባክነውን እንዲያይ ነው የሚጠይቀው፤ መመሪያውም አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከሱቅዎ ግድግዳ ላይ ያለውን የ2001 ዓ.ም. ካላንደርና ከመደርደሪያው ሥር የተኛውን የተሰበረ ሚዛን በማጣራት ቢጀምሩ ጃፓን ድረስ ደስ ይላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ካነበቡ፣ ምክሮቹ አንድ በሽታ እንዳለባቸው ሳይገባዎት አልቀረም። የሜዳው 14 በመቶ፣ የወፍጮው 95 በመቶ፣ የቡናው 52 ሰዓት ሁሉም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ግን ለነገ ውሳኔዎ የሚጨምሩት የለም። ቁጥር ሲቀርብልዎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ነገ የማደርገው ይለወጣል?» የማይለወጥ ከሆነ አይቁጠሩት። የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ አጥተውም ቢሆን ይቁጠሩት። የሚቀጥሉት ሁለቱ ከዚህ ወገን ናቸው።

አምስተኛ፤ ስንት ካርቶን ላምጣ?

ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 መልሱን በአንድ መስመር አስቀምጦታል። ለምሳሌ በዓመት 600 ካርቶን ሳሙና ይሸጣሉ እንበል። ኮምቦልቻ ሄዶ ማምጣት በአንድ ጉዞ 3,000 ብር ያስወጣል፤ መኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ምሳው ተደምሮ። አንድ ካርቶን ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ 400 ብር ይበላል፤ የታሰረው ገንዘብ፣ የመጋዘኑ ኪራይ፣ አይጡ። ስልክዎን ያውጡ። 600ን በ3,000 ያባዙ፣ በ2 ይድገሙት፣ ለ400 ያካፍሉ፤ 9,000 ይመጣል። የዚህን ዳግም ዘር ይውሰዱ፤ ምልክቱን ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጅዎ ታሳይዎታለች። 95 ካርቶን ገደማ ነው። በዓመት ስድስት ጉዞ ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። ሽያጭዎ እጥፍ ቢሆን የሚያመጡት እጥፍ አይሆንም፤ 134 ብቻ ነው። ደግሞም ቀመሩ ከእርስዎ ጋር አይጨቃጨቅም። በ95 ፋንታ 120 ቢያመጡ የሚጨምርብዎት ወጪ በዓመት 1,050 ብር ገደማ ነው፤ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አምስት ካርቶን በዛ አነሰ እያሉ ከባለቤትዎ ጋር አይኳረፉ።

ሃሪስ አንድ ነገር አላሰበም። ዋጋ ባለበት የሚቆም መስሎታል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲያሻቅብ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ሳሙና ማስወጣቱን ትቶ ማትረፍ ጀመረ። የማስቀመጫው ወጪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ቀመሩ ከዜሮ በታች ለሆነ ቁጥር ዳግም ዘር ይፈልጉ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ የለም። ቀመሩ እዚያ ላይ ዝም ሲል ነጋዴው መጋዘኑን ሞላ፣ መንግሥትም መጋዘኑን አሸገ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የደሴው መንገድ በግጭትና በጦርነት ሲዘጋ የከረመውን ደግሞ ለሰንበቴ ሰው አልነግርም። በሃሪስ ቀመር ውስጥ ለተዘጋ መንገድ የቆመ ፊደል የለም። ያን ጊዜ ተጨማሪ ሃያ ካርቶን መያዝ ስስት አልነበረም።

ስድስተኛ፤ ስንት ሣጥን ቲማቲም ይበቃኛል?

ቲማቲም እንደ ሳሙና አይጠብቅም። ኪሎውን በ40 ብር ገዝተው በ60 ይሸጣሉ፤ እሑድ ማታ የተረፈውን በ25 ያራግፉታል እንበል። አንድ ኪሎ ካነሰዎት 20 ብር ትርፍ ያመልጥዎታል። አንድ ኪሎ ከተረፈዎት 15 ብር ይከስራሉ። 20ን ለሁለቱ ድምር ለ35 ያካፍሉ፤ 57 በመቶ ይመጣል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከ100 እሑድ በ57ቱ የሚበቃ ያህል ይግዙ፤ በቀሩት ቢያልቅብዎ አይቆጩ። ያለፉትን 20 እሑዶች ሽያጭ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩና 12ኛውን ይያዙ። በቃ። ይህንኑ ለመናገር አማካሪ ሆቴል ተከራይቶ፣ ሻይ በብስኩት አቅርቦ ሁለት ቀን ይፈጃል።

እዚህ ላይ ሰንበቴ የራሷ ችግር አላት፤ ሁለት ካላንደር ነው የምትበላው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ወደ ወቅቱ የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፋሲካ ደግሞ በራሱ ሒሳብ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16 እሑድ ዋለ፤ የሚቀጥለው እሑድ ሚያዝያ 23 የኢድ አልፈጥር ዋዜማ ነበር። በሳምንት ገደማ ልዩነት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፍየል ፈለገ። «ሚያዝያ ጥሩ ወር ነው» ብሎ የመዘገበ ነጋዴ በ2016 ዓ.ም. ምን ገጠመው? ኢዱ ሚያዝያ 2፣ ፋሲካው ሚያዝያ 27 ሆነ፤ በመካከሉ ደጋው ጾም ላይ ነው፣ ቆላው በልቶ ጨርሷል። ስለዚህ ሲመዘግቡ የወሩን ስም ብቻ አይጻፉ። «ከኢድ በፊት ሁለተኛው እሑድ»፣ «ከፋሲካ በፊት ያለው እሑድ»፣ «ከአረፋ በፊት ሦስተኛው» ብለው ይጻፉ። ይህን የሚያደርግ ኮምፒውተር ከውጭ ቢያስመጡ እንኳ ሁለቱን በዓላት የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።

ሰባተኛና የመጨረሻው፤ ደብተር ይግዙ።

ደብተር መያዝ እንደማይወዱ አውቃለሁ። የተጻፈ ነገር ግብር ይጠራል ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ያስታውሱ። ገማቾች በየሱቁ ዞረው የዕለት ገቢ ገመቱ፤ ግምቱ ሲገለጥ በየከተማው ጩኸት ሆነ፣ በአንዳንድ ቦታም ሱቅ ተዘጋ። ብዙው አነስተኛ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ ሕጉ አያስገድደውም ነበርና «በዛብኝ» ከማለት በቀር የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። የራሱን ቁጥር ያልያዘ ሰው የሌላውን ቁጥር ይቀበላል።

ደብተሩ ላይ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ስንት እንደገዙ፣ ስንት እንደሸጡ፣ ስንት እንደተረፈ፣ አራተኛውም ስንት ሰው «አለቀ» ብለው እንደመለሱ ነው። ሦስቱን የሚጽፍ ነጋዴ ከፈለጉ ይገኛል። አራተኛውን የሚጽፍ የለም፤ ምክንያቱም ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሣጥን ውስጥ ብር አይጥልም፣ መደርደሪያም ላይ አይተርፍም። 50 ኪሎ ሸጠው የጨረሱበት እሑድ በመዝገብዎ «50» ተብሎ ይቀመጣል፤ ፈላጊው ግን 80 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ካልጻፉ፣ ከላይ 20 እሑድ ደርድረው 12ኛውን ይያዙ ያልኩዎትም ሒሳብ ይዋሻል፤ ዓመት ሙሉ ትንሽ እየገዙ፣ ትንሽ እየሸጡ፣ ገበያው ትንሽ ነው እያሉ ይኖራሉ።

ስለዚህ የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ሜዳውን ለባለሜዳው፣ ቡናውንም ለሦስቱ ስኒ ይተዉ። «የለም» ብለው በመለሱት ሰው ቁጥር ልክ በደብተርዎ ጠርዝ ላይ አንድ አንድ መስመር ያስምሩ። ሃያ እሑድ ያህል አስምረው ያን ደብተር የያዙ ዕለት፣ እኔን ጨምሮ ማንም አማካሪ ሱቅዎ ቢመጣ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።